መስኮቱ ምን በደለ?

የአዲስ አበባ ሰው ነፋስ ይፈራል። ዳኛ የማይፈራ፣ ዕዳ የማይፈራ፣ ሐሜት የማይፈራ ጎልማሳ ታክሲ ውስጥ የሁለት ጣት ስፋት ያህል የተከፈተ መስኮት ካየ «ኧረ እባክህ ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው እንዴ?» ብሎ ይጮኻል። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ይስባሉ። ቀኑ ምንም ያህል ቢሞቅ፣ ሰው ምንም ያህል ተፋፍጎ ቢቀመጥ መስኮቷ ትዘጋለች። ይኸው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ከታክሲዋ የባሰ ነፋስ በሚያሾልክ መስኮት ሥር አልጋውን ዘርግቶ ይተኛል። ሌሊቱን በብርድ ልብስ ላይ ቡሉኮ፣ በቡሉኮ ላይ ጋቢ ይደርባል። ሲነጋ መስኮቱን ይረግማል። ይረግመዋል እንጂ አይጠግነውም። ገንዘብ የቀናው ዕለት ደግሞ ከነመቃኑ ነቅሎ ይጥለውና አሉሚኒየም ያስገጥማል። ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያለህ፣ አሁን ቤትህ ቤት መሰለ» ይለዋል።

እኔ እንኳን ደስ ያለህ አልለውም። የብርዱ ጥፋተኛ አሮጌው የእንጨት መስኮት አይደለምና። ጥፋተኛው በመስኮቱና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን መዝጋት የአንድ ጥሩ አናጢ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ይህ እያለ መስኮቱን ነቅሎ መጣል ገንዘብን ከማባከን አልፎ፣ ከተረፉልን ጥቂት አሮጌ ቤቶች ላይ መልካቸውን መግፈፍ ነው። መልኩን የተገፈፈ ቤት ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ወደዚያ በኋላ እመለሳለሁ።

የምናገርላቸውን መስኮቶች አንባቢ ያውቃቸዋል። በአራዳ፣ በአርመን ሰፈር፣ በሠራተኛ ሰፈር፣ በሰባራ ባቡር ያለፈ ሁሉ አይቷቸዋል። ረዘም ያሉ፣ ባለ ሁለት ክንፍ፣ ክንፎቻቸው በቀጫጭን እንጨት ተከፋፍለው ትናንሽ መስታወት የተሰካባቸው፣ ብዙዎቹም የእንጨት መዝጊያ የተደረገላቸው ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ከእነርሱ ጎን የሠሩ ያገራችን አናጢዎች ጽድንና ዝግባን ከመሰለ የደጋ እንጨት አበጇቸው። ምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት መስታወት እንግዲህ ሐዲዱ ካቆመበት ጀምሮ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ችሎ፣ ሳይሰበር የደረሰ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የቻለ መስታወት ዛሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ በመዶሻ ይረግፋል።

«ታሪኩን ተወው፤ ብርድ ነው እያልንህ እኮ ነው!» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ብርድ ነው። ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ስለዚህ ታሪኩን ትተን ሒሳቡን እንያዝ።

አንድ ሜትር ወርድና አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ያለው ባለ ሁለት ክንፍ መስኮት ውሰዱ። ዙሪያው 5 ሜትር ነው። ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበት መስመር 1.5 ሜትር ነው። ሲደመር 6.5 ሜትር ይሆናል። በዚህ ሁሉ ርዝመት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ ይኸውም የሁለት ሳንቲም ውፍረት ያህል ነው፣ ክፍተቱ በጠቅላላው 195 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በሌላ አነጋገር ግድግዳችሁ ላይ 14 ሴንቲ ሜትር በ14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በስታችሁ ትተኛላችሁ ማለት ነው። ሳሎኑ ሦስት እንዲህ ያሉ መስኮቶች ካሉት ቀዳዳው 24 በ24 ይሆናል። ድመት ትሾልክበታለች። እንግዲህ ድመት በምትሾልክበት ቤት ቡሉኮ ቢደራረብ ምን ይረዳል?

ሙቀት ከክፍል የሚወጣበት ሁለተኛው መንገድ መስታወቱ ራሱ ነው። ስስ መስታወት ሙቀት አይዝም፤ ይህን አልክድም። ግን አስተውሉ፦ ወፍራም መስታወትም አይዝም። ሦስት ሚሊ ሜትሩን አውጥቶ ስድስት ሚሊ ሜትር ያስገባ ሰው ለድምፅና ለጥንካሬ ጥቂት ይጠቀም ይሆናል፤ ለብርድ ግን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ሙቀት የሚይዘው በሁለት ነገር መካከል ጸጥ ብሎ የተቀመጠ አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀን በድርብርቡ ጥጥ መካከል አየር ስለሚይዝ እንጂ ክሩ እሳት ስላለበት አይደለም። ይህን ጋቢ ለባሽ ሕዝብ ማስተማር አያስፈልግም ነበር።

አሁን አሉሚኒየሙን ለፍርድ እናቅርበው። በየሰፈራችን የሚገጠመው አሉሚኒየም በአብዛኛው ባለ አንድ መስታወት ነው። መስታወቱ እንግዲህ በሙቀት ረገድ ከአሮጌው የተሻለ አይደለም። ክፈፉስ? አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ እንጨትን ከ1,000 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ድስት የሚሠራበት እኮ በዚሁ ጠባዩ ነው! የድስቱ እጀታ ግን ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የሚደረገው እጃችንን እንዳያቃጥለን ነው። የወጥ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ነገር የመስኮት ገዢ ረሳው። ብርድ በበዛባቸው አገሮች የሚገጠመው አሉሚኒየም በውጩና በውስጡ ብረት መካከል ሙቀቱን የሚያቋርጥ ሌላ ነገር ይገባበታል። የእኛው ርካሹ ግን አንድ ወጥ ብረት ነው። ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የክፍሉ እርጥበት ይሰበሰብበትና ያልበዋል፤ ጠዋት ጠርዙ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ከዚያ የግድግዳው ቀለም ይሻግታል።

«ታዲያ አሉሚኒየም ያስገባው ጎረቤቴ ቤቴ ሞቀ የሚለው ውሸቱን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ውሸቱን አይደለም። በእርግጥ ሞቆታል። ያሞቀው ግን ክፍተቱ መዘጋቱ ነው እንጂ አሉሚኒየሙ አይደለም። አዲሱ ክፈፍ ጎማና ብሩሽ ስላለው ነፋሱን አገደለት። ያንኑ ጎማ በአሮጌው እንጨት ላይ ቢያስለጥፍ ኖሮ ያንኑ ሙቀት፣ እንጨቱ ከብረቱ ስለሚሻልም ከዚያ የበለጠ፣ በጥቂት ገንዘብ ባገኘው ነበር። ሰውየው ለጎማ ጥብጣብ የመስኮት ዋጋ ከፈለ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማንም አያጣውም።

ለዚህ ክርክር ምስክር ከሩቅ ልጥራ። እኛ ዘንድ የራሱን ዕውቀት የሚያምን ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ፈረንጅ የተናገረው ይሻላል። ስኮትላንድ ከእኛ ይልቅ ብርድ የሚያውቅ አገር ነው። ዋና ከተማዋ ኤድንብራ ከ1767 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠራው ክፍሏ ውስጥ ሺህ ባለ ስስ መስታወት የእንጨት መስኮቶች አሏት። የእነርሱ መስኮት እንደ እኛው በማጠፊያ አይከፈትም። ሁለት ክፈፎች በገመድና በተደበቀ የብረት ክብደት እየተሳቡ አንዱ በሌላው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ስለሚንሸራተትም ክፍተት አያጣውም። እነርሱም ከእኛ ቀደም ብለው «ነቅለን ፕላስቲክ እናስገባ» በሚለው ዘመቻ አልፈዋል፤ በየጎዳናው ብዙ አጥፍተዋል። በመጨረሻ ግን ከመንቀል በፊት መለካት ይሻላል አሉ።

በ2008 እ.ኤ.አ. የግላስጎ ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ ሂስቶሪክ ስኮትላንድ ለተባለው የቅርስ ድርጅት አንዱን አሮጌ መስኮት ወስዶ ለካው። ውጤቱ እነሆ። ከባድ መጋረጃ በመስታወቱ በኩል የሚወጣውን ሙቀት በ14 ከመቶ ይቀንሳል። የእንጨት መዝጊያው ሲዘጋ ግን 51 ከመቶ ይቀንሳል። አሮጌው መስኮት ሳይነካ በውስጥ በኩል ሁለተኛ የመስታወት ክፈፍ ቢጨመርለት 63 ከመቶ ይደርሳል። በእንግሊዝ አገር የተደረገ ተመሳሳይ ምርመራ ደግሞ በደኅና ሁኔታ ላይ ያለ አሮጌ መስኮት ዙሪያውን ነፋስ መከላከያ ጥብጣብ ቢደረግለት በክፍተቱ የሚገባው አየር እስከ 86 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ሁሉ አንድ ክፈፍ ሳይነቀል ነው!

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚያስቆጨኝ 51 የሚለው ነው። የእንጨት መዝጊያ! እኛ ዘንድ መጀመሪያ ተገንጥሎ ለማገዶ የሚውለው እርሱ አይደለም እንዴ? ያልተገነጠለውም በቀለም ተጣብቆ ወይም በሚስማር ተመትቶ የቀረ ነው። የቀድሞ ሰው መዝጊያውን የሠራው ለሌባ ብቻ አልነበረም። ሴት አያቶቻችን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ገና ብርዱ ሳይመጣ፣ መዝጊያውን ያስዘጉ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ወለል አድርገው ያስከፍቱታል። ለምን? ወፍራሙ የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን ከፀሐይ የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። መስኮቱ በወቅቱ ከተዘጋ ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ ካልተዘጋ ሜዳ ላይ ይበተናል። ማሞቂያ በሌለው ከተማ ማሞቂያችን ፀሐይ ናት፤ ጉርሻዋን ተቀብሎ አፍን መዝጋት ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንደሚባለው፣ ግማሹን ብርድ የሚከለክለውን ሳንቃ አንድደን አንድ ምሽት ሞቅን።

ነቀፋ ብቻ ፍሬ የለውምና ምን ይደረግ ለሚለኝ ልመልስ። ሥራው ለማንም ብልህ አናጢ አይከብድም።

መጀመሪያ መስኮቱ እንዲገጥም ማድረግ ነው። አብዛኛው አልዘጋ የሚለው እንጨቱ ስለ ጠመመ ሳይሆን፣ ለበዓል ለበዓል የተቀባው ቀለም ጠርዙ ላይ ስለ ተደራረበ ነው። ይፋቅ። ሆኖም አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፈግ፣ በእሳትም አይለብለብ። በውኃ እያረጠቡ ይፋቅ፤ ልጆች ይራቁ፤ ፍቅፋቂው ተጠርጎ ይወገድ። ቀጥሎ ማጠፊያው ይታይ። ክንፉ ያዘነበለው ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ ስለ ሰፋ ነው። ቀዳዳው በኮላ በተነከረ እንጨት ተሞልቶ ብሎኑ እንደገና ቢጠብቅ መስኮቱ ቀና ብሎ ይቆማል። ማጠፊያው አልቆ ከሆነ ምናለሽ ተራ ለምን አለ?

የበሰበሰው ብዙ ጊዜ የታችኛው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ዝናብ የሚያርፈው እዚያ ነውና። የጥርስ ሐኪም አንድ ጥርስ ስለ ተበላ መንጋጋ አያወልቅም። የበሰበሰው ተቆርጦ በቦታው ደኅና እንጨት ይቀጠልበት። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ይለወጥ። ጥሩ ስቱኮ የጠመኔ ዱቄትና የተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ደግሞ ከውጭ አይመጣም። ከዚያ በክንፉና በመቃኑ መካከል፣ ሁለቱ ክንፎች በሚገናኙበትም ላይ፣ ቀጭን የጎማ ወይም የብሩሽ ጥብጣብ ይሂድ። የሚለጠፈው ስፖንጅ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል። በመጨረሻ መቃኑ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ ይደፈን። በጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ አትጠቀሙ። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ ጭቃው ሲላወስም አብሮ አይላወስም። ጭድ የገባበት ጭቃ ወይም ኖራ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚበርደው ሰው የውስጥ ክፈፍ ያስጨምር። ቀላል የእንጨት ክፈፍ፣ መስታወት ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ተደርጎበት፣ ከአሮጌው መስኮት የአንድ መዳፍ ወርድ ያህል ርቆ በውስጥ በኩል ይገጠማል። በመካከላቸው የተያዘው አየር ጋቢ ይሆናል። ለማጽዳት ሲፈለግ ይወልቃል። ከመንገድ ጋር ለተጣበቀ ቤት ደግሞ የመኪናውን ጩኸት ይቀንስለታል። የልጅ ልጃችሁ ካልወደደው ፈትቶ ይጥለዋል፤ አሮጌው መስኮት ግን በቦታው ያገኘዋል። የጥሩ ጥገና ምልክቱ ይኸው ነው፤ የሚመለስ መሆኑ።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ላስጠንቅቅ። ክፍተቱን የዘጋ ሰው ከሰሉን ያውጣ! ቤታችን ሲበርድ ምድጃ ይዘን የምንገባበት ልማድ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ያልጨረሰው በሚሾልከው ነፋስ ምክንያት ነው። ነፋሱ በተዘጋበት ክፍል የከሰል ጢስ አልባ መርዝ ሽታ ሳይኖረው፣ ሳያስል፣ ተኝተን ሳለን ይወስደናል። ስለዚህ መስኮቱ የታደሰ ቤት ውስጥ ከሰል አድሮ አይውጣ፤ ከናካቴው አይግባ። ቡና የሚፈላበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት። ለመኝታ ክፍልም ከላይ በኩል እንደ ልብ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ የአየር ማስተላለፊያ ይኑር። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ያኛው ክፍተት እኛ ሳንፈቅድ ይገባ ነበር፤ ይኼኛውን እኛ እናዝዘዋለን። መስኮት እኮ ትርጉሙ ይኸው ነው።

«ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል? ቤቱ የኔ አይደለ!» የሚለው መልስ ይመጣል። ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከ100 ብር በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ባለቤታቸውን አጡ። አንዱ ግቢ ለአምስትና ለስድስት አባወራ ተከፋፈለ። ተከራዩ «የመንግሥት ነው» ብሎ ሚስማር አይመታም። መሥሪያ ቤቱ «ኪራዩ ለጥገና አይበቃም» ብሎ አናጢ አይልክም። በሁለቱ መካከል መስኮቱ ዝናብ እየጠጣ ይበሰብሳል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠባቂ ያጣ መስኮት ስለ ነፈሰ «እንጨት ለዚህ አገር አይሆንም» ብሎ መፍረድ፣ ልጁን ሳያጎርሱ ከስተሃል ብሎ እንደ መቆጣት ነው።

መፍትሔው በተከራዩ ጫንቃ ላይ ብቻ መጫን የለበትም። ቤቱን የሚያከራይ መሥሪያ ቤት ለጥገና ያወጣውን ወጪ ተከራዩ ከኪራዩ ላይ እንዲያቻችል ቢፈቅድ፣ ጥብጣብና ስቱኮ ለመግዛት ማንም ስብሰባ አይጠራም ነበር። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መነካት እንደማይገባው የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ይናገራል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ለአንድ ማጠፊያ ዓመት የሚያስጠብቅ ፈቃድ፣ ሰውን በስውር ወደ አሉሚኒየሙ ነጋዴ ይገፋዋል። የሚከለክል መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚጠገን ጭምር ማሳየት አለበት። አንዱን ቤት አድሶ፣ «ኑና እዩ፣ አይበርድም» ማለት ከመቶ ማስጠንቀቂያ ይሻላል።

እዚህ ላይ ለራሳችን ወገን፣ ለቅርስ ወዳጆች፣ አንድ ቃል አለኝ። እኛ ስለ አሮጌ ቤት ስንጽፍ ስለ በረንዳው ጌጥ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ጣሪያው ቅርጽ፣ በዚያ ስለ ገቡና ስለ ወጡ መኳንንት እንጽፋለን። ቤቱ ውስጥ ማታ ስለሚያስለው ሕፃን አንጽፍም። ፎቶግራፍ አንስተን ወደ ሞቀ ቤታችን እንመለሳለን። «አትንኩት፣ ቅርስ ነው» እንላለን። በዚያ ቤት የሚያድረው ሰው ግን ቅርስ አይደለም፤ ይበርደዋል። ብርዱን ሳናስወግድለት ቤቱን ውደድ ስንለው በልቡ እየሳቀብን ነው። እውነትም ይሳቅብን።

ይህ የማይረባ ጥቃቅን ጉዳይ የሚመስለው ካለ ዙሪያውን ይመልከት። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በካሳንቺስ ለኮሪደር ልማት ሥራ ስንት አሮጌ ግድግዳ እንደ ፈረሰ ያየ ይመስክር። ስለዚያ መደገፍም መቃወምም ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሳው ከግሬደሩ በፊት የሚመጣውን ነው። አሮጌ ቤት ላይ ሲፈረድበት ክሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ያረጀና ለኑሮ የማይመች።» ለዚህ ክስ በግጥም አይመለስም። የሚመለስለት በሞቀ ክፍል ነው። መስኮቱ የሚዘጋ፣ ሌሊት የማይበርድ፣ ነዋሪው «እኔ ከዚህ አልወጣም፣ ይመቸኛል» የሚልለት ቤት ጠበቃ አለው። ነዋሪው ራሱ «ብንገላገል ይሻላል» የሚልበት ቤት ግን ማንም አይቆምለትም።

መስኮቱ ተነቅሎ አሉሚኒየም የገባበት አሮጌ ቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሸነፋል። አዲስ አይደለም፤ አዲስ ሊሆን አይችልም። አሮጌም አይደለም፤ አሮጌነቱ ተወስዷል። የቅርስ ባለሙያው መጥቶ ሲያየው «መልኩ ተቀይሯል» ብሎ ከመዝገቡ ይተወዋል። ግንበኛው መጥቶ ሲያየው «ግድግዳው ጭቃ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ የቤቱን ምስክር አጥፍቶ፣ ቤቱን ለፍርድ አቀረበው ማለት ነው።

ጽድና ዝግባን የመሳሰሉት ዛፎች ተመናምነው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስማቸው ጠርቶ መከልከሉንም አንርሳ። ያ የመስኮት እንጨት እንግዲህ ዛሬ በገንዘብም የማይተካ ነው። መቶ ዓመት ቆሞ ያደገ ዛፍ፣ መቶ ዓመት ቆሞ ያገለገለ መስኮት ሆኖ፣ አሁንም ትንሽ ብሎን፣ ትንሽ ስቱኮና ትንሽ ጎማ ቢሰጡት ሌላ መቶ ዓመት ለመቆም ዝግጁ ነው። የተበላሸ አሉሚኒየም ግን አናጢ አይጠግነውም፤ ሌላ አሉሚኒየም ይገዛበታል እንጂ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይፈጸም፣ የመጪው ኅዳር ብርድ ሳይመጣ እያንዳንዱ ባለ አሮጌ ቤት አንድ ሻማ አብርቶ በመስኮቱ ዙሪያ ያዙራት። ነበልባሏ የተንቀጠቀጠችበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርግ። አናጢው የሚጠራው ለዚያ ምልክት ነው። መዶሻው ሚስማር ይምታ እንጂ መስኮቱን አይምታ፤ መስኮቱ አልበደለም።